«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»፦ የገና ስጦታ ይዞ ከሱቅ ሱቅ መዞር በጎንደር

ወለተ ማራኪ
ጥር 3፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። የከተማው ሰው ፊቱን ወደ ጥምቀት አዙሯል፤ የእኔ ገና ግን ገና አላለቀም። ሁለት የማይሆኑ ስጦታዎች ይዤ ከሱቅ ሱቅ እየዞርኩ ስለሆነ እስቲ ምክር ስጡኝ።

የመጀመሪያው የእናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። እኔና ወንድሞቼ ገንዘብ አዋጥተን ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ታኅሣሥ 26 ገዛንላት። የበዓሉ እንጀራ አስቀድሞ ተጋግሮ ስለነበር ሳጥኑ የተከፈተው ከገና በኋላ ነው። እናቴ ምጣዱን በጎመን ዘር አሰሰች፣ ሊጡን ከዳር ወደ መሀል እያዞረች አፈሰሰች፣ አክንባሎውን ገጠመች። ሲከፈት የእንጀራው ቀኝ ጎን ዓይኑ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ የግራው ጎን ግን ሊጡ ነጭ እንደሆነ ምጣዱ ላይ ተኝቷል። ሙቀቱን ጨምራ ደገመችው። ቀኙ አረረ፣ ግራው አሁንም ጥሬ ነው። እናቴ ደግሞ እኛን ላለማሳዘን «ግማሹ እኮ ሸጋ ነው» አለች።

ምጣዱን መልሼ ስወስደው ባለሱቁ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ በጣቱ ግድግዳውን አመለከተኝ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም» ይላል ወረቀቱ። ዕቃው አዲስ እንደሆነና አንድ ደኅና እንጀራ እንኳን እንዳልወጣበት ብነግረው «ሊጡ ቀጥኖ ይሆናል» አለኝ። ዕድሜ ልኳን እንጀራ ስትጋግር የኖረችን ሴት! በመጨረሻ ጠጋኝ ቤት ውሰጂው ብሎ ሸኘኝ።

ሁለተኛው ጫማ ነው። ታላቅ ወንድሜ የገዛልኝ። ቁጥሩ 39 ነው፣ የእኔ እግር 37 ነው። ሱቁን ከሳጥኑ ላይ አይቼ ሄድኩ። 37 አልቋል፣ ገንዘብ አንመልስም፣ ከፈለግሽ በዚያው ዋጋ ሌላ ዕቃ ምረጪ አሉኝ። ሌላው ዕቃ የወንዶች ቀበቶና የተማሪ ቦርሳ ነው። ደረሰኙን እንዳልጠይቀው ወንድሜ «አልወደድሽውም ማለት ነው» ብሎ ያኮርፋል።

ሕጉ ምን ይላል? እናንተስ እንዲህ ያለው ነገር ሲገጥማችሁ እንዴት ትወጡታላችሁ?


አወያይ
ጥር 3፣ ከምሽቱ 2፡40

ውይይቱ ይቀጥል። የሱቅ ስም፣ የባለሱቅ ስም ወይም ስልክ ቁጥር ያለበት መልስ ይነሳል።


የአዘዞ ልጅ
ጥር 3፣ ከምሽቱ 3፡05

እህቴ፣ አንቺስ ቢያንስ የምትመልሽበት ሱቅ አለሽ። እኔ ለአማቴ የገና በግ ገዝቼ ነበር። ገበያ ላይ ሆዱ ተነፍቶ፣ ጀርባው ሞልቶ ሲታይ ያስጎመጃል። ማታውን ሲሸና አድሮ ጠዋት ላይ ሌላ በግ ሆኖ ተገኘ። ለካ ጨው አልሰው ውኃ አጠጥተውት ኖሯል። ሻጩን የት ላግኘው? በግ ደረሰኝ የለው፣ መለያ ቁጥር የለው። አማቴ ግን ጨዋ ሰው ናቸው፤ «ሥጋው ባይበዛም ይጣፍጣል» ብለው አለፉት። ባለቤቴ እስካሁን አላለፈችውም።


ችሎት አዳሪ
ጥር 3፣ ከምሽቱ 4፡30

የሕግ ባለሙያ ነኝ። እህታችን ሁለቱን ጉዳይ አንድ ላይ አቀረበቻቸው እንጂ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም።

ምጣዱ ጉድለት ያለበት ዕቃ ነው። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እንደሚለው፣ ሸማች የገዛው ዕቃ ጉድለት ካለበት በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ሻጩ ከዚያ የተሻለ ዋስትና ሰጥቶ ከሆነ የተሻለው ይጸናል። ይህ አዋጅ ባይኖር እንኳን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ነገር ከጉድለት ነጻ ስለመሆኑ ለገዢው ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። በዚያው ልክ ገዢው ዕቃውን እንዳገኘ ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ ሳጥን ሳይከፍቱ ለፋሲካ ማስቀመጥ አያዋጣም። አንድ ባለሱቅ በኮምፒውተር አትሞ ግድግዳ ላይ የለጠፈው ወረቀት ሕግ አውጪው የሰጠውን መብት አይሽርም።

ጫማው ግን ምንም አልጎደለውም። 39 ተብሎ ተሸጠ፣ 39 ሆኖ ተገኘ። ለእግርሽ አለመሆኑ የዕቃው ጉድለት አይደለም። ባለሱቁ ሌላ ዕቃ ምረጪ ማለቱ ግዴታው ሆኖ ሳይሆን ፈቃዱ ሆኖ ነው። ይህን ብዙ ሰው ስለማያውቅ ትክክለኛውን ጥያቄ ይዞ ሄዶ በተሳሳተው ተጣልቶ ይመለሳል።

ቀኑን ደግሞ ቁጠሪ። ታኅሣሥ 26 ከተገዛ 15ኛው ቀን የሚውለው ጥር 11 ነው፤ ጥምቀት። ከከተራ ጀምሮ በጎንደር ማንን ቢሮ ውስጥ እንደምታገኚ አንቺው ታውቂያለሽ። ሳትዘገዪ ጥያቄሽን በአጭሩ በወረቀት ጽፈሽ ለባለሱቁ ስጪው፤ ግልባጩ ላይ ቀን ጽፎ እንዲፈርምልሽ ጠይቂው። አልፈርምም ካለ እማኝ የሚሆኑ ሰዎች ይዘሽ ሂጂ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የከተማው ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ ነው። ጠጋኝ ቤት ግን እንዳትወስጂው። አንድ ጊዜ ብሎኑ ከተፈታ «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» ለማለት ምክንያት ያገኛል።


መምህሩ ከጠዳ
ጥር 4፣ ከጠዋቱ 1፡50

ችሎት አዳሪ የጻፉት ሁሉ ልክ ነው፤ ለዚያ ሁሉ መነሻ የሚሆነው ደረሰኝ ግን ከየት ይምጣ?

ባለፈው ዓመት ለአባቴ ሬዲዮ ልገዛ ገባሁ። ዋጋውን ስጠይቅ ሻጩ መልሶ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» አለኝ። ሁለት ዋጋ አለ ማለት ነው። የተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ ነውና ያለ ደረሰኝ ሲባል ለጊዜው የተጠቀምክ ይመስልሃል። በዓል ነው፣ ኪስህ ሳስቷል፣ ዘይቱም ዶሮውም ገና ነው። ትስማማለህ። ሬዲዮው ሳምንት ሳይሞላው ድምፁ ሲዘጋ ያው ሻጭ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ከእኛ መግዛትህን በምን ላውቅ?» ይልሃል። ልጁ ራሱ ነው በእጁ የጠቀለለልኝ!

ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ ሰው ቅናሽ አደረገልኝ አትበሉ። ግብሩን ለራሱ አስቀረ፣ የእናንተን መብት ደግሞ በዚያው ዋጋ ገዛ።


ችሎት አዳሪ
ጥር 4፣ ከጠዋቱ 3፡10

መምህር፣ ደረሰኝ መስጠት የሻጩ ግዴታ ነው፤ «ትፈልጋለህ?» ተብሎ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ደረሰኝ የሌለው ሰው ግን ፈጽሞ ባዶ እጁን ነው ማለት አይቻልም። በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር ከከፈላችሁ የክፍያው መልእክት ቀኑን፣ የገንዘቡን መጠንና የተቀባዩን ስም ይዞ ስልካችሁ ላይ ይቀራል። አትደምስሱት። አብሯችሁ የነበረ ሰውም ምስክር ነው። ደረሰኝ መንገዱን ያሳጥረዋል እንጂ ሌላ ማስረጃ የለም ማለት አይደለም።


የአራዳ ባለሱቅ
ጥር 4፣ ከቀኑ 7፡20

እስካሁን የተናገራችሁት ሁላችሁም ገዢዎች ናችሁ። አንድ ሻጭም ይናገር እንጂ።

አራዳ ውስጥ የሀበሻ ልብስና የልጆች ልብስ እሸጣለሁ። ያ የምትረግሙት ወረቀት እኔም ግድግዳ ላይ አለ። ዕቃ የማመጣው ከመርካቶ በጅምላ ነው። አከፋፋዩ አንድ ጊዜ ከቆጠረልኝ በኋላ ክሩ ተተረተረ፣ ቀለሙ ለቀቀ ብዬ ብመልስ አይቀበለኝም፤ ከጎንደር አዲስ አበባ ድረስ አንድ ቀሚስ ተሸክሜ ብሄድም የትራንስፖርቱ ወጪ ከቀሚሱ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ እናንተ እኔ ላይ የምትመልሱት ዕቃ እኔው ጋ ይቀራል።

የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያውም ሌላ ጣጣ ነው። ደረሰኝ አንድ ጊዜ ከታተመ ሽያጩ መሣሪያው ውስጥ ተመዝግቦ ይቀራል፣ አይፋቅም። ገንዘብ ስመልስ ያንን ተመላሽ እንደ ደንቡ ካልመዘገብኩት ላልሸጥኩት ዕቃ ግብር እከፍላለሁ። ይቻላል፤ ግን የመጀመሪያው ደረሰኝ በእጄ መሆን አለበት። ሰው ደግሞ ዕቃውን እንጂ ደረሰኙን ይዞ አይመጣም። በበዓል ዋዜማ ሱቁ በሰው ተጨናንቆ፣ መብራት ሄዶ መጥቶ፣ ያንን ሁሉ ለማድረግ ትዕግሥቱም የለኝም። አልዋሽም።

ከሁሉ የባሰው ግን ጥምቀት ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? አንዳንድ ደንበኛ ለጥምቀት ከሆነለት በኋላ እንዲበጣጠስበት አይፈልግም፤ እንዲመለስለት ነው የሚፈልገው። አምና በዓሉ ባለፈ ማግስት አንዲት ወይዘሮ ጥልፍ ቀሚስ በሥርዓት አጥፈው፣ በራሱ ፌስታል ከተው አመጡልኝ። «ለእህቴ ልጅ ገዝቼላት ጠበባት፤ ገላዋ ላይ አላረፈም» አሉ። ቀሚሱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁት። የታችኛው ጠርዝ እስከ እጥፋቱ ውስጥ አቧራ ጠጥቷል። ቀኝ እጅጌው ላይ የጧፍ ጠብታ ደርቋል፣ በጥፍር ለመፋቅም ተሞክሯል፣ ዙሪያው ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። ጀርባው ላይ ውኃ ተረጭቶ የደረቀበት ምልክት አለ። አፍንጫዬን ሳስጠጋው ዕጣን ሸተተኝ። ከተራን፣ ጥምቀትን፣ ቃና ዘገሊላን አክብሮ፣ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ደርሶ፣ ቅዱስ ሚካኤልን ሸኝቶ የመጣ ቀሚስ ነው! ፊት ለፊት ውሸታም ማለት አልቻልኩም፤ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። «እሺ እትዬ፣ የእህትዎን ልጅ ይዘዋት ይምጡና በልኳ እሰጣታለሁ» አልኳቸው። ልጅቷን እስከ ዛሬ እየጠበቅኋት ነው።

የምጣዱን ነገር ግን ባልደረባዬ ተሳስቷል። የማይሠራ ዕቃ ሸጦ ግድግዳ ማሳየት ንግድ አይደለም።


የሁለት ልጆች እናት
ጥር 4፣ ከምሽቱ 1፡45

የአራዳ ባለሱቅ፣ ስለ ወይዘሮዋ አዝኛለሁ፤ ግን የእሳቸውን ዕዳ ለምን እኛ እንክፈል? እኔ የልጄን ቀሚስ ይዤ ስመጣ ገና መለያ ወረቀቱ ያልተቆረጠለት ነው። ቀረብ ብሎ ማየት የሚችል ዓይን እንዳለህ ከጻፍከው ተረድቻለሁ። ታዲያ አይተህ ለይ እንጂ!

ደግሞ ስለ ደረሰኝ ስትሉ ስጦታ መሆኑን ረስታችሁታል። ደረሰኙ ያለው ሰጪው እጅ ነው። ለእኔ ልጅ አክስቷ ልብስ ገዝታ ስትመጣ «የት ገዛሽው፣ ስንት ገዛሽው፣ ደረሰኙን ስጪኝ» እንድላት ነው? ዋጋ መጠየቅ በእኛ አገር ነውር ነው። ልጅቷ ሦስት ዓመቷ ነው፣ የመጣላት የስድስት ዓመት ልብስ ነው። «ታድግበታለች» ይባላል። አዎ ታድግበታለች፤ እስክታድግበት ቁም ሣጥኑን ማን ይይዘዋል? አንዳንዱ ስጦታማ ከቤት ቤት እየዞረ ይኖራል። እኔ ለአንዲት ጎረቤት የልደት ስጦታ አድርጌ የሰጠኋቸው የሲኒ ስብስብ ሰፈሩን አዳርሶ በልጄ ክርስትና ዕለት ተመልሶ መጥቷል። እኔው የጠቀለልኩበት ሪባን እንኳን አልተቀየረም።

ለጥምቀት ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ጎንደር ውስጥ ልጅን አሮጌ አልብሶ ወደ ጃንሜዳ... ይቅርታ፣ ያ የአዲስ አበባዎቹ ነው፤ አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ ነው። ወደ ፋሲለደስ አልብሶ መሄድ አይታሰብም። ስለዚህ ያልሆነው ልብስ እስከ ጥር 9 ድረስ ካልተቀየረ ሁለተኛ ልብስ መግዛት ግድ ነው። ባለሱቆች ይህን አሳምራችሁ ታውቃላችሁ።


ከሜሪላንድ
ጥር 5፣ ከሌሊቱ 9፡30

ቁስቋም አካባቢ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ አሁን የምኖረው አሜሪካ ነው። እዚህ ልብስ መሸጫ ውስጥ ዕቃ መመለሻ ክፍል ሠርቻለሁ። የፈረንጆቹ ገና በእኛ ታኅሣሥ 16 ነው፤ በማግስቱ ጠዋት በሩ ሲከፈት ሰልፉ እስከ ውጭ ነው። ሁሉም የማይፈልገውን ይዞ ይመጣል፤ ሹራብ፣ ጫማ፣ የቡና ማፍያ።

እዚያ ያላችሁ ሰዎች አሜሪካ መንግሥት ሱቁን አስገድዶ ያስመልሳል ብላችሁ ታስባላችሁ። እንደዚያ አይደለም። ደኅናውን ዕቃ ገዢው ስላልወደደው ብቻ መልሰህ ውሰድ የሚል የፌዴራል ሕግ የለም። የየሱቁ ደንብ ነው፤ ፉክክሩ ነው የሚያስገድዳቸው። ብዙዎቹ ለበዓል የተገዛውን እስከ ፈረንጆቹ ጥር መጨረሻ ይቀበላሉ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በኢንተርኔት የተገዛን ዕቃ በ14 ቀናት ውስጥ ያለ ምክንያት መመለስ መብት ነው፤ ሱቅ ገብቶ በዓይኑ አይቶ ለገዛ ሰው ግን ይህ መብት አይሠራም።

ለእናንተ የሚጠቅም የመሰለኝ አንድ ነገር አለ፤ የስጦታ ደረሰኝ። ገዢው ሲከፍል ሁለት ወረቀት ይሰጡታል። አንዱ ዋጋ አለበት፤ ኪሱ ይገባል። ሁለተኛው የዕቃውን ዓይነትና ቀኑን ብቻ ይዟል፣ ዋጋ የለበትም፤ እሱ ከስጦታው ጋር ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ተቀባዩ ሰጪውን ሳያስቀይም፣ ዋጋም ሳይጠይቅ፣ ራሱ ሄዶ ይቀይራል። የሁለት ልጆች እናት ያነሱት ነውር በዚህ ይቀራል።

የጧፉን ቀሚስ ሳነብ ግን ብቻዬን ሳቅሁ። እዚህም አለ። ሰው የድግስ ልብስ ገዝቶ፣ መለያውን ወደ ውስጥ ደብቆ፣ ጨፍሮበት ይመልሳል። አንዳንድ ሱቆች ብልሃት አመጡ፤ ትልቅ መለያ ከፊት ለፊት በሚታይ ቦታ ይሰቅላሉ። ካልተቆረጠ ለብሶ መውጣት አይቻልም፣ ከተቆረጠ ደግሞ አይመለስም። ሁሉንም ነገር ግን አታድንቁልን፤ ያለ ደረሰኝ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ዕቃው ከበዓል በኋላ በወረደበት ዋጋ ነው የሚታሰብለት። በሙሉ ዋጋ የተገዛ ሹራብ በግማሽ ሲታሰብ የሚነሳውን ጩኸት እኔ ነኝ የማውቀው።


የአራዳ ባለሱቅ
ጥር 5፣ ከጠዋቱ 4፡00

ከሜሪላንድ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የፊት ለፊቱን መለያ ወድጄዋለሁ። የእኛ ቀሚስ ደረቱ ላይ ጥልፍ ስላለው ሰው ዓይን እዚያ ነው የሚያርፈው፤ ማንም ካርቶን አንጠልጥሎ ወደ ጥምቀተ ባሕር አይወርድም። የአምናዋ ወይዘሮ ግን ካርቶኑን ነጠላ ቢያለብሱትስ ብዬ እያሰብኩ ነው።

የስጦታ ደረሰኙን በሁለተኛ ወረቀት አላደርገውም። ከመሣሪያው ውጭ ሌላ ደረሰኝ የሚመስል ወረቀት ብጽፍ የግብር ሰዎች «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ይሉኛል። የሱቁን ማኅተም የመታሁበት ትንሽ ካርድ ግን መስጠት እችላለሁ፤ የተገዛበት ቀን፣ የልብሱ ዓይነትና ቁጥር ብቻ ይጻፍበታል። ለመቀየር ነው፤ ገንዘብ ለመመለስ አይደለም።


መምህሩ ከጠዳ
ጥር 5፣ ከቀኑ 6፡35

ዋጋው በመካከል ቢጨምርስ? ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዛሬ ያየኸውን ዋጋ ነገ አታገኘውም። ልብሱን ለመቀየር ስትሄድ «አዲሱ የገባው በአዲስ ዋጋ ነው፤ ልዩነቱን ጨምር» ይባላል። ደግሞ ገንዘቤን መልሱልኝ ብትል የሚመለስልህ የድሮው ብር ነው፤ በዚያ ብር ሌላ ሱቅ ሄደህ ያንኑ ዕቃ አትገዛም። በየትም ብትዞር ገዢው ነው የሚጎዳ።


ችሎት አዳሪ
ጥር 5፣ ከምሽቱ 12፡50

ለዚህ ነው ጉድለት ያለበትን ዕቃ የያዘ ሰው ከገንዘብ ይልቅ ልዋጭ ቢጠይቅ የሚሻለው። ምርጫው የተሰጠው ለሸማቹ ነውና ይጠቀምበት። በሚሠራ ምጣድ ፈንታ የማይሠራ ምጣድ ሰጥቶ የነበረ ሻጭ፣ አሁን የሚሠራውን ሲሰጥ መጀመሪያ የሸጠውን ማስረከቡ ነው። የምን ልዩነት? ስለ ጫማውና ስለ ቀሚሱ ከሆነ ግን ሻጩ የሚለውጠው በፈቃዱ ስለሆነ ልዩነት ልጠይቅ ቢል በሕግ አልከለክለውም። ሲገዙ አስቀድሞ መነጋገር ነው እንጂ።


ወለተ ማራኪ
ጥር 7፣ ከምሽቱ 1፡30

ተቀየረልኝ! ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ችሎት አዳሪ እንዳሉት በወረቀት ጻፍኩ፣ ደረሰኙን አያያዝኩ፣ ጎረቤታችንን ጋሼን ይዤ ሄድኩ። ባለሱቁ መጀመሪያ ያንኑ የግድግዳ ወረቀት ሊያሳየኝ ጣቱን አነሳ። ጋሼ በጣም በትሕትና «ልጄ፣ እሱን አንብበነዋል፤ አሁን አንተ የእኛን አንብብ» አሉት። የአዋጁን ቁጥር ሲያይ ድምፁ ለዘብ አለ። አሁንም ግን ጥፋቱ የሊጡ ነው ባይ ነው። ጋሼ ምጣዱ እዚያው ሱቅ ውስጥ እንዲሰካ ጠየቁ። ተሰካ። ሲሞቅ ጋሼ ከላስቲክ ጠርሙሳቸው ውኃ በመዳፋቸው እየቀዱ ረጩበት። በቀኝ በኩል ያረፈው ጠብታ እየጮኸ ተነነ። በግራ በኩል ያረፈው ጸጥ ብሎ ኩሬ ሠራ። ሱቅ ውስጥ የነበሩ ሁለት ገዢዎች ሊገዙት የያዙትን ምጣድ መልሰው መሬት ላይ አስቀመጡ። እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩን የጨረሰው አዋጁ ሳይሆን እሱ ነው።

ከዚያ ደግሞ መምህሩ የተናገሩት መጣ፤ «አዲሱ ዋጋው ጨምሯል፤ ልዩነቱን ክፈሉ» አለ። አልከፍልም አልኩ። ገዢዎቹ እየሰሙ ስለነበር ብዙ አልተከራከረም። አዲሱንም እዚያው አሰክተን፣ ውኃ ረጭተን፣ ዙሪያውን ሲንጫጫ ሰምተን ነው የወሰድነው።

ጫማውን ለአጎቴ ልጅ ሰጥቻታለሁ፤ 39 ነች። ለወንድሜ ልክክ አለልኝ ብዬዋለሁ። በጥምቀት ዕለት እግሬን እንዳያይ ረጅም ቀሚስ መልበስ ሊኖርብኝ ነው።


የአዘዞ ልጅ
ጥር 7፣ ከምሽቱ 2፡10

እህቴ፣ ጋሼን ለፋሲካ በግ ግዢ አበድሪኝ።


ችሎት አዳሪ
ጥር 7፣ ከምሽቱ 2፡25

እንኳን ደስ ያለሽ። የአዲሱ ምጣድ ደረሰኝስ? የመለያ ቁጥሩ ከመጀመሪያው የተለየ ስለሆነ ደረሰኙ ጀርባ ላይ «በዚህ ቁጥር ተለውጧል» ብሎ ቀን ጽፎ ይፈርምልሽ። ዛሬ ስለሚሠራ ነገ ማስረጃ አያስፈልገኝም አትበዪ።


የሁለት ልጆች እናት
ጥር 8፣ ከጠዋቱ 2፡05

የአራዳ ባለሱቅ፣ ካርዱን ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰጠው? እኔ ዛሬ ከሰዓት ለሁለቱም ልጆች ልገዛ ነው፤ ልጆቹን ይዤ መምጣት አልችልም፤ ባይሆናቸውስ?


የአራዳ ባለሱቅ
ጥር 8፣ ከጠዋቱ 2፡40

ማኅተሙ አለ፣ ካርዱን ዛሬ ጠዋት ወረቀት ቆርጬ እጀምራለሁ። እስከ ጥር 9 ማታ ድረስ በቁጥር እቀይራለሁ። ከከተራ ጠዋት ጀምሮ ግን የወጣ ቀሚስ አይመለስም፤ ለምን እንደሆነ ከላይ ተናግሬያለሁ። የልጆቹን ቁመት በክር ለክተው ይዘው ይምጡ፤ ዕድሜ አይነግሩኝ፤ ዕድሜ ብቻ ሰምቼ የሰጠሁት ሁሉ ተመልሶ መጥቷል።


የሁለት ልጆች እናት
ጥር 8፣ ከጠዋቱ 2፡50

እሺ፣ በክር ለክቼ እመጣለሁ። የፀጉር ጌጥና ካልሲም ይቀየራል?


የአራዳ ባለሱቅ
ጥር 8፣ ከጠዋቱ 2፡55

የፀጉር ጌጥ ይቀየራል። ካልሲ አይቀየርም።